የሚጠይቀው ከታቢ

ሰብስቤ ዓምደሚካኤልን ሶዶ ውስጥ የማያውቀው አልነበረም። ፊቱን ፈንጣጣ በልቶታል፤ ከግንባሩ እስከ አገጩ ጠባሳ ያልነካው ቦታ ማግኘት ያስቸግር ነበር። ሥራው ደግሞ በየገበያውና በየመንደሩ በበቅሎ እየዞረ ልጆችን ለዚያው ለፈንጣጣ መክተብ ነበር። እኔ አልደረስኩበትም። ታሪኩን የነገረኝ አባቴ ቶማ ነው። አባቴ በወጣትነቱ ከሰብስቤ ጋር ሠርቷል። ብዙ የማይናገር ሰው ቢሆንም የሰብስቤ ነገር ከተነሣ ግን አረፍ ብሎ፣ ምንም ሳይዘል ነው የሚያወራው።

የሰብስቤ አባት አቶ ዓምደሚካኤል ከሸዋ ከመጣው ጦር ጋር ወላይታ የገቡ ወታደር ነበሩ። ሶዶ አጠገብ መሬትና ገባር ተሰጥቷቸው በዚያው ቀሩ። ሚስታቸው ወይዘሮ የትምወርቅ ሰብስቤንና ታናሽ እኅቱን ፈጠነችን ወለዱ። በቤቱ ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ነው፤ ሰብስቤ ግን የዋለው ከገባሮቹ ልጆች ጋር በእንሰቱ ጓሮ ስለነበር ወላይትኛን እንደ እናት ቋንቋው ይናገር ነበር። ገና ነፍስ ሳያውቅ ፈንጣጣ ያዘው። እሱ ዳነ፤ በዚያው ሰሞን ፈጠነች ሞተች። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ስለ ፈንጣጣ ማንም አንሥቶ አያውቅም።

ጎረምሳ ሲሆን ከአጎቱ ጋር አዲስ አበባ ሄደ። እዚያ በአንድ ሐኪም ቤት ወለል ከመጥረግ ተነሥቶ ቁስል ማጠብ፣ ማሰር፣ በመጨረሻም መክተብ ተማረ። በ1925 ዓመተ ምሕረት ወደ ሶዶ ሲመለስ ከከተማው ዳር ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ ዶክተር ትንሽ ሐኪም ቤት ከፍቶ አገኘውና በረዳትነት ተቀጠረ። ዶክተሩ አማርኛ እየተማረ ነበር፤ ወላይትኛ ግን አይሰማም። ሰብስቤን ያገኘ ቀን ደስታው ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር ይላል አባቴ።

ያኔ የአካባቢው ልጆች ሁሉ እንዲከተቡ ከበላይ ትእዛዝ ወርዶ ነበር። የክትባቱ ፈሳሽ ከጥጃ የሚወጣ ሲሆን እንደ ስንደዶ በቀጠኑ የመስታወት ቱቦዎች ታሽጎ ይመጣል። ሙቀት ያበላሸዋል። ሰብስቤ ቱቦዎቹን በረጠበ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ በላዩ የእንሰት ቅጠል ደርቦ፣ በቅል ውስጥ ያስቀምጣቸው ነበር። ክንድ ላይ ጠብ ያደርግና በመርፌ ጫፍ ጫር ጫር ያደርገዋል። በዚያ ሥራ እጁ ፈጣን ነበር።

የመጀመሪያ ጉዞው ወደ ጉኑኖ ነው። የአገሩ ጭቃ ሹም ከነዱላ ያዦቹ ቀድሞ ሄዶ ሕዝቡን ሰብስቦ ጠበቀው። የተሰበሰቡት ግን ወንዶች ብቻ ናቸው። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው እንሰቱ ውስጥ ገብተዋል። ጭቃ ሹሙ ሰዎቹን ላከ፤ ጩኸት ተሰማ፤ ጥቂት ልጆች እየተጎተቱ መጡ። ሰብስቤም ከተባቸው። ሲመለስ በቅሎውን ውኃ ሊያጠጣ ከአንድ ጎጆ ጀርባ ጎራ ቢል፣ አንዲት እናት አሁን የከተበውን ልጅ ክንድ በውኃ እያጠበች፣ በአመድ እያሸች፣ እያለቀሰች አገኛት። ስታየው በድንጋጤ ልጁን በነጠላዋ ሸፈነችው። እሱም በቅሎውን እየሳበ አለፈ።

ሶዶ ሲደርስ ዶክተሩ፣ «እንዴት ነበር?» አለው።

«ከተብን። ክትባቱ የያዘለት ልጅ ግን ያለ አይመስለኝም» አለ ሰብስቤ። «ጌታዬ፣ ጭቃ ሹሙን ይተዉልኝ። ብቻዬን ልሂድ።»

ዶክተሩ ትእዛዙ ከላይ መሆኑን እያሰበ ትንሽ አመነታ፤ ኋላ ግን ፈቀደለት።

በሳምንቱ ብቻውን ጉኑኖ ወረደ። ከመንገዱ ዳር ባለ ጓሮ ውስጥ አንዲት ሴት እግሯን ዘርግታ እንሰት ትፍቃለች። ፋንታዬ ትባላለች፤ የሶርሳ ሚስት ናት። በቅሎውን እንዳየች መፋቂያዋን ጣል አድርጋ ተነሣች።

«ልጅ የለኝም ጌታው» አለችው ገና ሰላም ሳይላት።

ወዲያው ከጎጆው ውስጥ ሕፃን ሳለ። ሁለቱም ሰሙት።

«እሺ፣ የለሽም» አለ ሰብስቤ። «ውኃስ አይጠፋሽም?»

ሳትወድ በቅል ውኃ አመጣችለት። ከበቅሎው ወርዶ አጥሩ ሥር ተቀመጠና ጠጣ። መርፌውን አላወጣም፤ ቅሉንም አልከፈተም። እሷ ቆማ ታየዋለች።

«እንግዲህ ሂድ» አለችው።

«እሄዳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ሴቱ ሁሉ የሚሸሸው ምን ፈርቶ ነው?»

«ዛሬ ነው የምትጠይቁን?»

«አዎ፤ ዛሬ ነው» አለ ሰብስቤ።

 ፋንታዬ እንሰቱ አጠገብ ተመልሳ ተቀመጠችና እያየችው ሳይሆን እጇን እያየች ነገረችው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ፈንጣጣ ሲወራ አንድ ከታቢ በዚያ አገር ያልፋል። ከታመመ ሰው ቁስል መግል ወስዶ፣ ከማር ጋር ለውሶ፣ በእሾህ የልጆችን ክንድ እየጫረ ያስገባል። ትንሽ ታመው ይድናሉ፣ ከእንግዲህም አይነካቸውም ብሎ ይምላል። እሷ ሁለት ልጆቿን አስከተበች። ሁለቱም ሞቱ። አብሯቸው ያደረው የጎረቤት ልጅም ሞተ።

«እያለቀሱ እኮ ነበር» አለች። «እምቢ ብለው ነበር። እጃቸውን አጥብቄ የያዝኩለት እኔ ነኝ።»

ሰብስቤ ለእንዲህ ያለ ነገር የተዘጋጀ መልስ ነበረው። ይህኛው ከሰው ሳይሆን ከጥጃ የሚወሰድ መሆኑን፣ ያኛው ቀርቶ ይህ የመጣው ለዚሁ ሲባል መሆኑን አዲስ አበባ ተምሯል። ግን ያን ሁሉ ተወው። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ ተነሣ፤ በቅሎውን እየሳበ ሄደ።

በሚቀጥለው እሑድ እናቱ ዘንድ ሄደ። ወይዘሮ የትምወርቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። አጠገባቸው ተቀመጠና፣ «እማዬ፣ እኔን ፈንጣጣ እንዴት ያዘኝ?» አላቸው።

እንዝርቱ ቆመ።

«አስከትቤህ ነው» አሉ እናቱ። «አባትህ ዘመቻ ሄዶ ነበር። ሰው ሁሉ ሲያስከትብ እኔም አስከተብኩህ። ፈጠነችን አላስከተብኳትም፤ ገና ጡት ትጠባ ነበር። ካንተ ያዛት።»

ሰብስቤ ፊቱን ዳበሰ። ይህን ፊት የሰጠው በሽታው ብቻ መስሎት ነበር የኖረው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ ወይዘሮ የትምወርቅ። እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «አባትህ እንኳ አልጠየቀኝም። ሲመለስ መቃብሯን አሳየሁት፤ በቃ።»

ያን ዕለት እስከ ማታ አብሯቸው ቆየ። ስለ ፈጠነች ያወሩት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ጸጉሯ እንዴት እንደነበር፣ እሱ ሲያለቅስ እሷም አብራ እንደምታለቅስ፣ ሁሉንም ነገሩት።

ወደ ጉኑኖ ሲመለስ ፋንታዬን በወላይትኛ በትልቅ ሰው አጠራር ሰላም አላት፤ አማርኛ ቢሆን «እርስዎ» እንደማለት ነው። ፋንታዬ ለማን እንደሆነ ግራ ገብቷት ዞራ ከኋላዋ አየች። ከኋላዋ ጥጃዋ ብቻ ናት። የባለ መሬት ልጅ የገባርን ሚስት እንዲህ ሲጠራ ሰምታ አታውቅም።

«እርስዎን ነው» አላት። «ባለፈው የነገሩኝ በኛም ቤት ደርሷል።» የእናቱን ነገር፣ የራሱን ፊት፣ የእኅቱን ሞት እንዳለ ነገራት።

ፋንታዬ ከዚያ ቀን በፊት ፊቱን በደንብ አላየችውም ነበር። አሁን አየችው። «እናትህ አሉ?» አለችው።

«አሉ።»

«ምስኪን!» አለች።

ከዚያ መጠየቅ ጀመረች። ይህ ውኃ ከየት ይመጣል? ከጥጃ። ልጄን እንደ ከብት አያደርጋትም? አያደርጋትም። ልጄ ብትከተብ አጠገቧ ላደረ ልጅ ታጋባለች? ይህን ሲሰማ ሰብስቤ ልቧ ምን ላይ እንዳለ ገባው። ክንዷ ላይ ያለውን ቁስል ሸፍነው ከያዙ እንደዚያኛው ፈንጣጣ አያጋባም፤ ትንፋሿም ማንንም አይጎዳም አላት። ክንዷ ግን ያብጣል፣ ጥቂት ቀን ታተኩሳለች፣ ቁስሉ ይመግላል፣ ጠባሳም ይቀራል።

«አንድ ጊዜ ከተከተበች እስከ መቼ ይጠብቃታል?»

«አላውቅም» አለ ሰብስቤ። «ዶክተሩን ልጠይቅና እነግርዎታለሁ።»

ባሏ ሶርሳ በዚህ መሐል ከእርሻ ገባ። ጭቃ ሹሙን ይፈራልና፣ «ይክተባት፤ ጣጣ አታምጪብኝ» አላት። ፋንታዬ ሕፃኗን አላመጣችም። ሰብስቤ ግን ቅሉን አንሥቶ ቆመ።

«አቶ ሶርሳ፣ ዛሬ አልከትባትም። ሁለታችሁም ስትስማሙ እመጣለሁ» አለና ሄደ።

መልሱን ይዞ መጣ፤ ብዙ ዘመን እንደሚጠብቅ፣ ሆኖም ከዓመታት በኋላ ቢደገም እንደሚሻል ዶክተሩ ነግሮታል። ፋንታዬ ሰማችውና «እህል ይግባ» አለችው። እሺ ብሎ ሄደ። እህል ገብቶ አንድ የገበያ ቀን ሴት ልጇን አዛለችን በጀርባዋ አዝላ ራሷ ገበያው ውስጥ ፈልጋ አገኘችው። ሰው እያየ ሕፃኗን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ክንዷን ገለጠች።

«አልይዛትም» አለች። «አንተ ያዛት።»

ሰብስቤ በአንድ እጁ የልጅቷን ክንድ ይዞ በሌላው ጫረ። እንደ ነገራት ክንዷ አበጠ፤ አተኮሳት። እሱም በሳምንቱ መጥቶ አየላት። ፋንታዬ ያልጠበቀችው ይህን ነበር፤ ያ የድሮው ከታቢ ሁለተኛ አልታየም።

ከዚያ ወዲያ የጉኑኖ ሴቶች አንድ አንድ እያሉ መምጣት ጀመሩ። ሁሉም አይደሉም፤ እስከ መጨረሻው እምቢ ያሉም ነበሩ። ሰብስቤ እነሱንም ሰላም ብሎ ነበር የሚያልፈው።

በ1926 ዶክተሩ ሌሎች ወጣቶችን ለማሰልጠን አሰበ። ከተመረጡት አንዱ አባቴ ቶማ ነው፤ አዲሱን የፕሮቴስታንት እምነት ከተቀበሉት ወላይታዎች ወገን ነበር፤ ማንበብ ይችላል። ሌላው የከተማ ሹም ልጅ ሀብተጊዮርጊስ ነው፤ ብልህና ችኩል። ሌሎችም ሁለት ነበሩ። ዶክተሩ ሰብስቤን ጠርቶ፣ «መጫሩን እኔ አስተምራለሁ፤ ከምሳ በፊት ያልቃል። እናት ፊት ሲቆሙ ምን እንደሚሉ ግን አንተ አስተምርልኝ። እኔም እማራለሁ» አለው።

ሰብስቤ ስለ ንግግር በንግግር ማስተማር አልሆንልህ አለው። ስለዚህ ጉኑኖ ሄዶ ፋንታዬን ለመናት።

«እኔ ምን አውቄ ነው የማስተምረው?» አለችው።

«ምንም አያስተምሩ። እምቢ ብቻ ይበሉልኝ።»

ሳቀች። ሶርሳም ሳቀ። ሴትዮዋ እምቢ ለማለት ሶዶ ድረስ ተጠርታ ስትሄድ የሰፈሩ ሰው ሲስቅ ሰነበተ።

ትምህርቱ በሐኪም ቤቱ ጓሮ፣ በርጩማ ላይ ነበር። ፋንታዬ የቁስል ማሰሪያ ጨርቅ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቀፈች። ሀብተጊዮርጊስ ቀደም ብሎ ተነሣና ፊቷ ቆመ።

«ሴትዮ፣ ልጁን አምጪ።»

«ልጅ የለኝም።»

«ይኸው ታቅፈሽው የለም እንዴ!»

«ይሄ ጨርቅ ነው» አለች ፋንታዬ። ሁሉም ሳቁ፤ ዶክተሩም ሲተረጎምለት ሳቀ። ሀብተጊዮርጊስ ግን ተናደደ።

«ካላስከተብሽው ይሞታል!» አላት ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ፋንታዬ ጨርቁን ጭኗ ላይ አደረገችው። ፊቷ ተለወጠ። «ይሞታል ነው የምትለኝ? ለኔ?» አለች። «ሁለት ቀብሬያለሁ። ልጅ እንዴት እንደሚሞት አንተ ነህ የምትነግረኝ?»

ጨዋታው እዚያ ላይ ቀረ።  ሀብተጊዮርጊስ ወጣ። እንግዲህ አይመለስም ብለው ሲያስቡ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመለሰና፣ በርጩማውን ትቶ መሬት ላይ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ስማቸው ማን ነበር?» አላት።

ፋንታዬ ነገረችው። ስለ ልጆቿ ብዙ አወራች፤ እሱም ሳያቋርጥ ሰማ። አባቴ እንደሚለው፣ ያን ዕለት ከዚህ የተሻለ ትምህርት አልተሰጠም፤ ሰብስቤም ምንም አልጨመረበትም።

የአባቴ ስሕተት ሌላ ዓይነት ነበር። ተራው ሲደርስ ለስለስ ብሎ ተቀመጠ፣ በደንብ ሰላም አለ፣ ከዚያም «አይዞዎት እናቴ፣ ምንም አይሆንም፤ ቁንጫ የነከሰው ያህል እንኳ አይሰማውም» አለ።

«ክንዱ ያበጠ ቀን የት ነው የማገኝህ?» አለችው ፋንታዬ።

 ሰብስቤ ያን ጊዜ ጣልቃ ገባና፣ «እናት ያልነገርካትን ነገር ራሷ ካየችው፣ የነገርካትንም አታምንህም። የሚያመውን ያማል በል፤ የማታውቀውን አላውቅም በል፤ እመጣለሁ ካልክ ደግሞ ና» አለው። ዶክተሩ ይህን በአማርኛ አስደግሞ ሰማ። እሱም ወደ ፋንታዬ ዞሮ፣ «እኔስ ምን ልተው?» ብሎ ጠየቃት። ስትናገር ዓይንህ መርፌው ላይ ነው አለችው። ከዚያ ወዲያ ዶክተሩ ሰው ሲያነጋግር መርፌውን ሰሐን ውስጥ እያስቀመጠ ነበር።

ፋንታዬ ግን እሷም ብትሆን አንድ ነገር ተሳስታ ነበር። በልጇ መዳን ከመደሰቷ ብዛት ለዘመድ ለወዳጁ ሁሉ፣ ከተከተበ ልጅ ወዲያ በሽታ የሚባል አይደርስበትም እያለች ታወራ ነበር። ተበላ በሚባለው አገር የምትኖረው የእኅቷ ልጅ ሚርያም ይህን አምና ሁለቱን ልጆቿን ሰብስቤ ዘንድ አስከተበች። ዝናቡ አባርቶ ጥቅምት ሲገባ ትልቁ ልጇ ትኩሳት ያዘውና በጥቂት ቀን ውስጥ ሞተ።

ወሬው በተበላ ገበያ በአንድ ቀን ተዳረሰ፤ ከታቢው ልጅ ገደለ ተባለ። አባቴና ሀብተጊዮርጊስ ነገሩ እስኪበርድ ወደዚያ አገር ዝር እንዳይል ለመኑት። ሰብስቤ በቅሎውን ጫነ። «ልጁን ሲድን ብቻ ነው እንዴ የማውቀው?» አለና ለቅሶ ሊደርስ ሄደ። ሁለቱም ተከተሉት። ፋንታዬም ከጉኑኖ ሰምታ በእግሯ ደርሳ ነበር።

የልጁ አባት ደገፉ ደጁ ላይ ዱላውን ይዞ ቆሟል። «አንተ አትገባም!» አለው።

ሰብስቤ አልተከራከረም። ከአጥሩ ውጭ ፀሐዩ ላይ ተቀመጠ። ፋንታዬ ገብታ ሚርያም እግር ሥር ወደቀች፤ «በሽታ አይነካውም ያልኩሽ እኔ ነኝ። እሱ እንደዚያ አላለም፤ እኔ ነኝ ያልኩት» እያለች አለቀሰች።  ሁለቱ አብረው ሲያለቅሱ ከውጭ ይሰማ ነበር።

ቀኑ እያዘነበለ ሲሄድ ደገፉ ወጣ። ዱላውን ትቶታል።

«ልጄን የገደለው ያ ነገር ነው?» አለው ሰብስቤን።

«አይመስለኝም ወንድሜ። ትኩሳቱን ሲነግሩኝ ወባ ነው የሚመስለኝ። ግን አላየሁትም፤ ያላየሁትን አልምልልህም።»

«ካልገደልከው ለምን መጣህ?»

«ልጁን አውቀዋለሁ» አለ ሰብስቤ። «ስከትበው ሳቀብኝ። በፊቴ ነው የሳቀው። በየከተብኩበት ልጅ ሁሉ ያለቅሳል፤ እሱ ግን ሳቀ።»

ደገፉ አፉን በእጁ ሸፈነ። ልጁ እንደዚያ ነበር። ወደ ውስጥ ተመለሰና ሰዎቹን «ቦታ ስጡት» አላቸው። ሰብስቤና ሁለቱ ወጣቶች ገብተው ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጡ። ስለ ክትባት ማንም አላነሣም፤ እነሱም አላነሡም።

ይቅርታው ግን ሥራውን አልመለሰለትም። ያን ዓመት ከተበላ አንድም ልጅ አልተከተበም። ሀብተጊዮርጊስ በዚህ ሲበሳጭ ሰብስቤ፣ «ልጅ የሞተበት አገር ነው፤ ጊዜ ስጠው» ይለው ነበር። እሱ ራሱ በየገበያው ቀን እየወረደ ቁስል ያጥባል፣ ያስራል፣ ለወባ የሚሆን ኪኒን ሲኖረው ይሰጣል፤ ቱቦዎቹን ግን ከቅሉ አያወጣም ነበር።

በ1928 በጋ ከዲምቱ በኩል ፈንጣጣ ተነሣ። የጣልያን ጦርነትም በሰሜን ተጀምሮ ነበር፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መድኃኒት እየቀነሰ ሄደ፣ በኋላም ቆመ። የዲምቱን ወሬ የሰማ ሰው ሳይጠራ ወደ ሶዶ መጉረፍ ጀመረ። ከመጡት መሐል ደገፉና ሚርያም ነበሩ። ሁለተኛው ልጃቸው ተከትቧል፤ ከዚያ የተወለደችውን ሕፃን ነው ይዘው የመጡት። ደገፉ ሰብስቤን ነጠል አድርጎ፣ «በክትባቱ የሚሞት ልጅ አለ?» ብሎ ጠየቀው። ሰብስቤም የሚያውቀውን ሁሉ ነገረው፤ ልጅቷ ደከም ያለች መሆኗን አይቶ ዶክተሩም እንዲያያት አደረገ። ዶክተሩ ካያት በኋላ አስከተቧት። በበሽታው ሰሞን ሁለቱም ልጆቻቸው ምንም አልነካቸውም።

ከሁሉ የከበደው ግን የመጨረሻዎቹ ቱቦዎች ያለቁበት ቀን ነው። የሐኪም ቤቱ ግቢ በእናቶች ሞልቷል። ከመሐላቸው ለዓመታት ከእሱ ሲሸሹ የኖሩ ነበሩ። አባቴ የመጨረሻውን ቱቦ ሰብሮ ከከተበ በኋላ ሰብስቤን አየው፤ ምን እንበላቸው በሚል ዓይን። ሀብተጊዮርጊስ ነገ ይመጣል ብለን እንሸኛቸው አለ፤ ክፋት አልነበረበትም፣ አዝኖ ነው።

ሰብስቤ በርጩማ ላይ ወጣና፣ «አልቋል። መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። ላይመጣም ይችላል» አላቸው።

ዋይታ ተነሣ። አንዲት ሴት፣ «ያኔ ጠራኸኝ፣ እምቢ አልኩህ። አሁን እኔ ስመጣ አንተ እምቢ ትለኛለህ?» ብላ ጮኸችበት። ሰብስቤ ወርዶ እሷ ዘንድ ሄደና፣ «እምቢ አላልኩም እናቴ፤ ቢኖረኝ እሰጥዎት ነበር» አላት። እንባው በጠባሳው መሐል ይወርድ ነበር። ማንም ሳይሄድ ቀረ። ዋይታው ሲበርድ ያችው ሴት፣ «እሺ፣ መድኃኒት ከሌለ ምን እናድርግ? ንገረን» አለች።

እሱም ነገራቸው። የታመመውን ለብቻው አስቀምጡ፤ የሚያስታምመው ቀድሞ ታሞ የዳነ ሰው ይሁን፤ ልብሱን ቀቅሉት ወይ አቃጥሉት፤ ለለቅሶ ስትሄዱ ያልተከተበ ልጅ አትውሰዱ። ለየብቻቸው እየመጡ የየቤታቸውን ነገር ሲጠይቁት እየቆመ መለሰ። አራቱ ወጣቶችም ተካፍለው እንደዚሁ አደረጉ። የመጨረሻዋ ሴት ከግቢው ስትወጣ ዳሞታ ተራራ ላይ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር።

ፈንጣጣው ያን ዓመት ከዲምቱ እስከ ጉኑኖ ብዙ ልጆች ወሰደ። የተከተቡት ግን ከጥቂቶቹ በቀር አለፋቸው፤ ልጆች ያልተከተቡባቸው አንዳንድ መንደሮችም ያን ቀን የሰሙትን ይዘው ሕመምተኛቸውን በመለየት ብዙ ሰው አተረፉ። ጣልያን በ1929 ሶዶ ሲገባ ዶክተሩ አገር ለቀቀ፤ ሐኪም ቤቱም ተዘጋ። ሰብስቤ መሣሪያም መድኃኒትም ሳይኖረው በእናቱ ቤት ሆኖ በጨውና በፈላ ውኃ የሰው ቁስል ያጥብ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ሲያስታምማቸው ከነበሩት ሰዎች ተስቦ ያዘውና በአርባ ዓመቱ ገደማ አረፈ።

ለቀብሩ ከጉኑኖም ከተበላም ሰው መጥቶ ስለነበር የከተማው ሰው ተገርሞ ነበር። ፋንታዬ ልጇን አዛለችን ይዛ መጣች። ወይዘሮ የትምወርቅ ማን እንደሆነች ጠይቀው ሲነገራቸው፣ አጠገባቸው አስቀመጧት። አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በወላይትኛ፣ አባቴ መሐላቸው ሆኖ እያስተረጎመ፣ እስኪመሽ ድረስ ስለ ሰብስቤ ሲያወሩ ዋሉ።